ስለ ዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት የዓመት አመዳደብ

ሐምሌ ሲገባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ያለፈውን በጀት ዘግቶ አዲሱን ይከፍታል፤ ነጋዴም በመጋዘኑ የከረመውን ሸቀጥ ቆጥሮ፣ ያተረፈውንና የከሰረውን ለይቶ፣ ሒሳቡን ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያቀርባል። በመጋዘኑ ምን እንዳለ ሳያውቅ አዲስ ዕቃ የሚያዝ ነጋዴ፣ ወይም በካዝናው ምን እንደ ቀረ ሳይጠይቅ ወጪ የሚያዝ ሹም ቢገኝ ሁላችንም ሥራውን እንነቅፋለን። በመስከረም ወር የሚከፈተው የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጀመረው በዚህ ዐይነት አኳኋን መሆኑን ስናስተውል እናዝናለን። አስተማሪው የመጽሐፉን ማውጫ ይገለብጣል፤ ምዕራፎቹን በወራት ላይ ያከፋፍላል፤ ርእሰ መምህሩ ማኅተም ያሳርፍበታል፤ ወረቀቱም በፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ተማሪው ከስምንተኛ ክፍል ምን ይዞ እንደ መጣ የሚጠይቅ፣ ዓመቱም በእውነት ስንት የትምህርት ቀን እንዳለው የሚቆጥር ጥቂት ነው።

ይህን ጉዳይ ለአስተዳደር ሹማምንትና ለነጋዴዎች ማቅረባችን አንዳንዱን አንባቢ ያስገርመው ይሆናል፤ ሒሳብ የአስተማሪና የተማሪ ነገር ነው የሚል አይጠፋምና። ነገር ግን የትምህርት ዓመቱን ቀን የሚሰጠውም የሚነሣውም አስተዳደሩ ነው፤ ከትምህርት ቤት የወጣውን ወጣት በጸሐፊነት፣ በገንዘብ ያዥነት፣ በግምጃ ቤት ኀላፊነት ተቀብሎ የሚያሠራው ደግሞ መሥሪያ ቤቱና ነጋዴው ነው። ጉድለቱም ዞሮ ዞሮ የሚገኘው በእነርሱው መዝገብ ላይ ነው።

የጉድለቱን መጠን የሚያሳይ ቁጥር አለ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። ይህ ውጤት የትምህርቶች ሁሉ ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም አንድ አይደለም። ሆኖም ሒሳብ በባሕርዩ አንዱ በሌላው ላይ የሚገነባ ትምህርት ስለ ሆነ፣ በታሪክ ወይም በሥነ ዜጋ ትምህርት አንድ ምዕራፍ ያመለጠው ልጅ የሚቀጥለውን ሊከታተል ሲችል፣ በሒሳብ ግን ክፍልፋይን ሳይዝ ያለፈ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በቃል ሸምድዶ ለመሻገር ይገደዳል። ቀድሞ በአሥረኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጥ ብሔራዊ ፈተና ነበረ፤ ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ይህ ፈተና ስለ ቀረ ተማሪው ከስምንተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በአገር ደረጃ የሚመዘንበት ሚዛን የለም። ፈተናው መቅረቱን አንነቅፍም፤ ብዙ ልጆችን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከመንገድ ያስቀር ነበርና። ነገር ግን ሚዛኑ ከተነሣ ዘንድ የዘጠነኛ ክፍል የዓመት ዕቅድ ራሱ ሚዛን ሆኖ መሠራት ይኖርበታል።

እስኪ ቀኑን እንቁጠረው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን 300 ቀን ነው፤ ይኸውም 43 ሳምንት አይሞላም። ከዚህ ላይ ለምዝገባና ለክፍል ድልድል 2 ሳምንት፣ ለመንፈቀ ዓመቱ ፈተናና ዕረፍት 3 ሳምንት፣ ለዓመቱ መጨረሻ ፈተናና ለውጤት ሥራ 3 ሳምንት ይቀነስ። መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ የዓድዋ ድል በዓል፣ ስቅለት፣ የሠራተኞች ቀን፣ የአርበኞች ቀን፣ መውሊድ፣ ኢድ አል ፈጥርና አረፋ ሁሉም በትምህርት ቀን ባይውሉም፣ ከዋዜማቸውና ከማግሥታቸው ጋር 2 ሳምንት ያህል ይወስዳሉ ብንል አላበዛንም። የቀረው 33 ሳምንት ነው። ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ይሰጣል ብለን ብናስብ 165 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ለየወሩ ፈተናና ለእርማቱ 15፣ አስተማሪው ቢታመም ወይም ስብሰባ ቢጠራ መጠባበቂያ እንዲሆን 10 ብናስቀር 140 ይቀራል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆን ጠቅላላው 5,600 ደቂቃ፣ ማለት 93 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ሱቁን በቀን 8 ሰዓት የሚከፍት ነጋዴ 12 ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ሰዓት ከመደርደሪያው ኋላ ይቆማል። አንድ ልጅ የዓመቱን ሒሳብ የሚማረው በዚህች ጊዜ ነው።

ይህን ቁጥር ከፊታችን ካስቀመጥን በኋላ በሰኔ ወር «መጽሐፉ አላለቀም» የሚለው ወቀሳ በአስተማሪው ላይ ብቻ ሊወርድ እንደማይገባው ግልጽ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀው የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ዘጠኝ ምዕራፍ አለው፤ ስብስቦች፣ የቁጥር ሥርዓት፣ እኩልታን መፍታት፣ የሚበልጥና የሚያንስ የሚሉትን ዐረፍተ ነገሮች መፍታት፣ የትሪጎኖሜትሪ መግቢያ፣ ጎኖቻቸውና ማዕዘኖቻቸው እኩል የሆኑ ባለ ብዙ ጎን ቅርጾች፣ የቅርጾች መተካከልና መመሳሰል፣ ቬክተሮች፣ በመጨረሻም ስታቲስቲክስና ይሆንታ ናቸው። 140ን ለዘጠኝ ማካፈል ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ዐሥራ አምስት ዐሥራ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይደርሰዋል። በብዙ ፋይሎች ውስጥ የሚገኘው ዕቅድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ምዕራፎቹ ግን በክብደታቸው እኩል አይደሉም፤ ተማሪውም ሁሉንም ከመሬት እኩል አያነሣቸውም።

በእኛ አስተያየት ከ140ው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 25ቱ ለመጽሐፉ ሳይሆን ለተማሪው ሊሰጡ ይገባል። ይኸውም አምስት ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩት የወጣ 20 ጥያቄ ያለበት፣ ማርክ የማይያዝበት ፈተና ይሰጥ። ልጆቹ ስም ይጻፉ እንጂ ማንም በውጤቱ አይቀጣ፤ አይሸለምም። አስተማሪው የሚፈልገው ማን ስንት እንዳገኘ ሳይሆን፣ ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሆኑት የሳቱት ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል የነበሩ ልጆች ከጥቂት ዓመት በኋላ ዘጠነኛ ክፍል ደርሰዋል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት በትግራይ ከዚያም የበለጠ ጊዜ ያለ ትምህርት ያለፈባቸው አሉ። እንደዚህ ያሉትን ልጆች «ይህን በስድስተኛ ክፍል ተምራችኋል» ብሎ ማለፍ በሌለ ሸቀጥ ላይ ደረሰኝ መቍረጥ ነው።

እነዚህ አምስት ሳምንታት በሦስት ነገሮች ላይ ቢውሉ ይበቃል፤ እነርሱም ክፍልፋይ፣ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች፣ እንዲሁም ንጽጽርና መቶኛ ናቸው። ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ስንት ይሆናል ቢባል፣ ላዕሉን ከላዕል ታሕቱን ከታሕት ደምሮ ሁለት አምስተኛ የሚል ተማሪ በየክፍሉ ይገኛል። ይህ ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ያየውን ደንብ ያለ ቦታው አውሎት ነው። ነገር ግን ሁለት አምስተኛ ከግማሽ እንደሚያንስ፣ በግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮ እንጀራው አነሰ ማለት እንደ ሆነ በወረቀት ላይ ያሳየው የለም። ባላገሩ የእኩል፣ የሲሶ፣ የእርቦ እያለ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር ሲካፈል የኖረው ክፍልፋይን በጽሕፈት ሳያይ ነበር፤ የመሬት አዋጁ በ1967 ዓ.ም. ወጥቶ ያ ሥርዓት ቢቀርም ቃሎቹ ዛሬም በአፋችን አሉ። አስተማሪው ከእነዚህ ቃሎች ቢነሣ ልጁ ወደ ቁጥሩ የሚገባው በሚያውቀው በር ነው። ከዜሮ በታች ላሉት ቁጥሮችም ከነጋዴ መዝገብ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ከአንድ ሰው ላይ የ300 ብር ዕዳ ቢሰረዝለት ሀብቱ በ300 ብር ጨመረ ማለት ነውና፣ ተቀናሽን መቀነስ መደመር እንደ ሆነ ያለ ብዙ ድካም ይገባዋል።

መቶኛን በሚመለከት አንድ ጥያቄ እናቅርብ፤ አንባቢ ራሱ እርሳስ ይዞ ይሞክረው። አንድ ዕቃ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ በ1,150 ብር ተሸጠ፤ ይህ ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 ከመቶ ነው፤ ከታክሱ በፊት የነበረው ዋጋ ስንት ነው? ብዙ ሰው የ1,150ን 15 ከመቶ፣ ማለት 172 ብር ከ50 ሳንቲም አውጥቶ ይቀንስና 977 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። ትክክለኛው መልስ 1,000 ብር ነው፤ ታክሱ የተሰላው በመጀመሪያው ዋጋ ላይ እንጂ በመጨረሻው ላይ አይደለምና። ዋጋውን ኤክስ ብንለው ኤክስና የኤክስ 15 ከመቶ ተደምረው 1,150 ይሆናሉ፤ 1,150ን ለ1.15 ስናካፍል 1,000 እናገኛለን። ልዩነቱ በአንድ ደረሰኝ ላይ 22 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ በሺህ ደረሰኝ ላይ 22,500 ብር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስተውል ወይም የሚያጠፋ ጸሐፊ የሚለየው በዘጠነኛ ክፍል «እኩልታን መፍታት» በሚባለው ምዕራፍ ነው። ስለዚህ ለዚህ ምዕራፍ 15 ሳይሆን 25 ክፍለ ጊዜ እንዲሰጠው እንሻለን።

እዚህ ላይ፣ ለነጋዴና ለጸሐፊ ልጅ አራቱ መደቦች ይበቁታል፤ ለቀረው በእጅ ስልክ ላይ ያለው ማስያ አለለት የሚል ሰው አናጣም። ማስያው 1,150ን በ15 ከመቶ ሲያባዙበትም ለ1.15 ሲያካፍሉበትም እኩል ይታዘዛል፤ የትኛውን ማድረግ እንደሚገባ ግን አይናገርም። ደግሞም ይህ «ይበቃቸዋል» የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። በኢጣልያ አገዛዝ ዘመን እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በኤርትራ ለተወላጆች ልጆች የተፈቀደው ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር፤ የሚፈለገውም ለወታደርነትና ለዝቅተኛ የጽሕፈት ሥራ የሚሆን ሰው ነበርና፣ ለዚያ የሚበቃው ሒሳብ ይሰጠው ነበር። ያ ገደብ የተጣለው ሆን ተብሎ ነበር፤ እኛ ደግሞ በቸልተኝነት መልሰን እንዳንጥለው መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ በዚህም ላይ ጥቂት ማብዛታችንን አንባቢ ይታገሠን። የኢትዮጵያ ተማሪ እንደ ክልሉ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ቆይቶ፣ በአንዳንድ ክልል ከሰባተኛ፣ በሌላው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ይማራል። በኤርትራ ይህ ለውጥ የሚደረገው ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። እንግዲህ ዘጠነኛ ክፍል ለብዙ ልጆች አዲስ ሒሳብና አዲስ ቋንቋ በአንድ ቀን የሚገጥሙበት ክፍል ነው። አዲስ ቃል፣ ለምሳሌ «ዲኖሚኔተር» የሚለው፣ ብዙም አይጎዳም፤ ልጁ ታሕት ማለት ነው ብሎ ይይዘዋል። የሚጎዳው ከቋንቋ ትምህርት የሚያውቀው ቃል በሒሳብ ሌላ ነገር ሲሆንበት ነው። «ፓወር» ኀይል እንደ ሆነ ተምሯል፤ በሒሳብ ግን ቁጥሩ በራሱ ስንት ጊዜ እንደ ተባዛ የሚናገር ነው። «ፕሮዳክት» የፋብሪካ ምርት ነው ብሎ ያውቃል፤ በሒሳብ ብዜት ነው። «ሚን» ማለትን ወይም ክፉን ሲያመለክት ኖሮ በስታቲስቲክስ ምዕራፍ አማካይ ይሆናል።

ከቃሉም ይልቅ የዐረፍተ ነገሩ አሰካክ ያሳስታል። በአማርኛ «ከኤክስ በአምስት የሚያንስ ቁጥር» ስንል የሚቀነስበት ኤክስ አስቀድሞ ስለሚጠራ ልጁ ኤክስን ጽፎ አምስትን ይቀንሳል፤ ትክክልም ነው። በእንግሊዝኛው «ፋይቭ ለስ ዛን ኤክስ» ሲባል ግን አምስቱ ይቀድማልና፣ በሰማው ቅደም ተከተል አምስትን ጽፎ ኤክስን ይቀንስበታል። መልሱ ተገለበጠ። እርማቱን የሚያየው አስተማሪ ልጁ መቀነስ አልቻለም ብሎ ይፈርዳል፤ ልጁ ግን የሳተው ትርጉሙን ነው። የትርጉም ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ወጥመድ ይገነዘባል። ስለዚህ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ለቃል የሚሆን ቦታ በግልጽ ይመደብ፤ በሳምንት 10 ቃል ወይም ሐረግ፣ በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ የአፍ መፍቻው፣ ከሥሩ አንድ ምሳሌ እየተደረገ በአንድ ደብተር ቢጻፍ በ33 ሳምንት 330 ይሆናል። የዘጠነኛ ክፍልን መጽሐፍ አንብቦ ለመረዳት ይህ ብዙ ርቀት ያስኬዳል። አስተማሪውም አዲስ አሳብ ሲጀምር አስቀድሞ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ቢያስረዳና ከዚያ በእንግሊዝኛ ቢደግመው፣ የሚቈጣጠረው ሹም እንደ ጥፋት ሊቈጥርበት አይገባም።

ስለ ምዕራፎቹ ቅደም ተከተልም የምንለው አለን። መጽሐፉ ትሪጎኖሜትሪን በአምስተኛ፣ የቅርጾችን መመሳሰል በሰባተኛ ምዕራፍ አስቀምጦታል። ልጆቹ ስለ መመሳሰል ቀደም ሲል ቀምሰዋል ቢባልም፣ ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የሚቆሙት በተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ላይ ስለ ሆነ፣ ሰባተኛው ምዕራፍ ከአምስተኛው ቢቀድም የተሻለ ነው። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ የሚደረግ አንድ ሙከራ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ዘንግ በፀሐይ ላይ ቢቆምና ጥላው 2 ሜትር ቢሆን፣ በዚያችው ሰዓት ጥላው 24 ሜትር የሆነ የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ወይም ሚናሬት 18 ሜትር ይረዝማል። ቁመቱን ለጥላው ስናካፍል በዘንጉም በምሰሶውም 0.75 ይወጣል። ይህ ቁጥር የሚለወጠው ፀሐይዋ ከፍ ወይም ዝቅ ስትል ብቻ ነው፤ ታንጀንት የሚባለውም ይኸው ነው። ይህን በዐይኑ ያየ ልጅ ሠንጠረዡን በቃሉ ለመያዝ አይጨነቅም።

በመጽሐፉ መጨረሻ የተቀመጠው የስታቲስቲክስ ምዕራፍ ደግሞ፣ ዕቅዱ በመጽሐፉ ተራ ከሄደ በግንቦትና በሰኔ ጥድፊያ መካከል ይወድቅና እየተዘለለ ይቀራል። ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ ከዚህ ምዕራፍ የሚቀርብ አለመኖሩ ግን የታወቀ ነው። ስለዚህ ወደ የካቲት ይምጣ። ዝግጅቱም ከጥቅምት ይጀመር፤ ተማሪዎች በቡድን ሆነው በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ የገበያ ቀን የጤፍን፣ የሽንኩርትን፣ የዘይትን ዋጋ እየጠየቁ ይመዝግቡ። የካቲት ሲደርስ ዐሥራ አምስት ሳምንት ያህል የተከማቸ የራሳቸው ቁጥር በእጃቸው ይኖራል፤ አማካዩን፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ከዚያ ያወጣሉ። ቡና በሚሸጥበት አገር ያሉት ፈረሱላው 17 ኪሎ መሆኑን እያሰቡ የፈረሱላውን ዋጋ ወደ ኪሎ ይመልሱ። ነጋዴዎችን የምንለምነውም በዚህ ነው፤ ልጅ ዋጋ ሊጠይቅ ሲመጣ ገዢ አይደለም ብለው አይመልሱት፤ ያረጁ ደረሰኞችንና የዕቃ ዝርዝሮችንም የሰው ስም እየቀደዱ ለትምህርት ቤቱ ቢሰጡ ከማናቸውም መልመጃ ይበልጣሉ።

እንግዲህ የምናቀርበው አመዳደብ ይህ ነው። ለመሠረቱ 25 ክፍለ ጊዜ፣ ለስብስቦች 6፣ ለቁጥር ሥርዓት 20፣ ከመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወዲህና ወዲያ ለሚሆነው ለእኩልታ 25፣ በየካቲት ለስታቲስቲክስና ለይሆንታ 10፣ የሚበልጥና የሚያንስ ለሚሉት ዐረፍተ ነገሮች 10፣ ለመተካከልና ለመመሳሰል 14፣ ለትሪጎኖሜትሪ 14፣ ለባለ ብዙ ጎን ቅርጾች 8፣ ለቬክተሮች 8፤ ድምሩ 140 ነው። ስብስቦችን ማሳጠራችን ያስነቅፈን ይሆናል፤ ምልክቶቹን ማወቅ ለዘጠነኛ ክፍል በቂ ሆኖ ስለ ታየን ነው። ቬክተር በፊዚክስ ትምህርትም ስለሚገኝ ሁለቱ አስተማሪዎች ቢነጋገሩ 8ቱ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ዕቅዱን የሚያበላሸው ሌላው ነገር እርማት ነው። አራት ክፍል የሚያስተምርና በየክፍሉ 60 ልጆች ያሉት አስተማሪ 240 ደብተር አለው፤ ለአንዱ ደብተር ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ 8 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን በየሳምንቱ አድርግ ማለት አታድርግ ማለት ነው። ይልቁንም በየሳምንቱ ከየክፍሉ 15 ደብተር ቢያይ ሁለት ሰዓት ብቻ ይወስድበታል፤ በአራት ሳምንትም የማይታይ ልጅ አይኖርም። ይህ ሁለት ሰዓት በሥራ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ እንደ ሥራ ይቈጠርለት።

የአስተዳደር ሹማምንት ድርሻም ቀላል አይደለም። ተቈጣጣሪው ወደ ክፍል ሲገባ «ስንተኛው ገጽ ላይ ናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ አስተማሪው ገጽ ለመግለጥ መቸኮሉ አይቀርም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው በአሥረኛ ክፍል መልቀም ይመጣል። በዚህ ፈንታ ሦስት ልጆች ወደ ሰሌዳ ወጥተው አንድ እኩልታ እንዲፈቱ ቢጠይቅ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ይገነዘባል። አስተማሪን በዓመቱ መካከል ማዛወር፣ በትምህርት ሰዓት መምህራንን ለስብሰባ መጥራት፣ አዳራሽ ስለ ጠበበ ተብሎ የመማሪያ ክፍልን ለሌላ ጉዳይ መውሰድ፣ እነዚህ ሁሉ ከ140ው የሚነሡ ናቸው። አንድ ሳምንት ሲታጐል 5 ክፍለ ጊዜ ይጠፋል፤ ለቅርጾቹ ከተመደበው 8 ውስጥ የሚበዛው ሄደ ማለት ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ በዋለባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የታተመው መጽሐፍ ሳይዳረስ፣ ስልክ ያለው ልጅ በስልኩ እያነበበ ስልክ የሌለው እያየ የቀረባቸው ቦታዎች ነበሩ። መጽሐፍ በኅዳር ቢደርስ የዓመቱ ሩብ ያህል ካለፈ በኋላ ደረሰ ማለት ስለ ሆነ፣ የማጓጓዣው ወጪ በሐምሌ በጀት ተይዞ በነሐሴ ከየወረዳው መጋዘን መግባት አለበት። ከትምህርት ቤቱ ሰዓት አከፋፈልም ሒሳብ በተቻለ መጠን በጧቱ ላይ ቢውል መልካም ነው፤ ሁሉንም ክፍል በጧት ማድረግ ስለማይቻል ግን ዘጠነኛ ክፍል ይቅደም እንላለን።

በሰኔ ወር መጀመሪያ፣ የዓመቱ ፈተና ከመድረሱ በፊት፣ በመስከረም የተሰጡት እነዚያው 20 ጥያቄዎች ቁጥራቸው ብቻ ተለውጦ እንደገና ይሰጡ። አስተማሪው በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ አድርጎ፣ በየጥያቄው በመስከረም ስንት ልጅ እንደ መለሰና በሰኔ ስንት እንደ መለሰ ይጻፍ፤ ከየትኛውም ምዕራፍ ሳይነካ የቀረውን ከሥሩ ያስታውቅ። ቅጂው ለወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላክ፤ ዋናው ግን አስተማሪው ለዕረፍት ከመሄዱ በፊት በአሥረኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ እጅ ይግባ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በምን ላይ እንደሚያውላቸው የሚነግረው ያ ወረቀት ነውና።